በመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው የይለፍ ቃል

መስከረም 7፣ ረቡዕ

ሩት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የባዮሎጂ ደብተሯን ሰጠችኝ። የተጻፈበትን ቀድዳ አውጥታ ባዶውን ነው የሰጠችኝ። «አባባ፣ እዚህ ላይ ጻፍበት፤ ሥራ ፈትተህ እኔን ከምትነዘንዘኝ» አለች። አንድ ገጽ ሳይቀደድ ቀርቶ የእንቁራሪት ሆድ ዕቃ አለበት። እሱን ዘልዬዋለሁ።

ውጤቷ ጥሩ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ነኝ የነገርኩት። አሁን የቀረው ዩኒቨርሲቲ መምረጥ ነው።

የልጅ ልጄ ናት። እናቷ ሳህሊቱ በዴሳ ነው ያለችው፤ ሩት ሰባተኛ ክፍል ስትገባ «ሶዶ ትማር» ብላ እኔና ባለቤቴ ጋ አመጣቻት። ባለቤቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆነ። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሩትና እኔ ነን። አንዲት ዶሮም አለች፤ እሷ ግን አታወራም።

መስከረም 9፣ ዓርብ

ሩት ዛሬ ክብረት ኢንተርኔት ቤት ሄዳ ምርጫዋን ሞላች። ክብረት መናኸሪያው አጠገብ ኮፒና ፕሪንት የምትሠራ ጎበዝ ሴት ናት፤ ተማሪው ሁሉ እሷ ጋ ነው የሚሰለፈው። ሩት ስትመለስ ጠየቅኳት።

«አንደኛ ማንን አደረግሽ?»

«ሐረማያን።»

«ሶዶስ?»

«አራተኛ።»

«እዚህ የእንስሳት ሕክምና የለም እንዴ?»

«አለ።»

«ታዲያ?»

«የዚህን አገር ከብት ሁሉ በስሙ አውቀዋለሁ። ግመል ማየት እፈልጋለሁ።»

«ግመል በፎቶም ይታያል።»

«ፎቶ አይታከምም፣ አባባ።»

ሐረማያ ሁለት ቀን መንገድ ነው። እስከ መስከረም 20 ድረስ መቀየር ይቻላል ብላለች። ስልኳ መስታወቱ ስለተሰነጠቀ፣ ብጣሽ ወረቀትም ስለሚጠፋባት፣ የይለፍ ቃሏን እዚህ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፈችው። «ሬጅስትራሩ አንተ ነህ፤ አስቀምጥልኝ» አለች።

ልክ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሬጅስትራር ነበርኩ። በስንቱ ልጅ መልቀቂያ ላይ በዚህ እጄ ማህተም መትቻለሁ። ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት ከእኔ ጠረጴዛ ወጥቶ አያውቅም። ስሕተት ካለ በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ አጠገቡ ይፈረማል፣ ቀን ይጻፋል። ይህን ለሩት ገና በሰባተኛ ክፍል አስተምሬያታለሁ። የገበያ ዝርዝር ላይ እንኳ ሽንኩርት ሰርዛ ትፈርማለች።

መስከረም 10፣ ቅዳሜ

ቦልቴ መጣ። የቆየ ጎረቤቴ ነው፤ አሁን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለሆነ ፊቱን ትንሽ ያኮሳትራል። ወደ ግቢ ለሚሄዱ አዲስ ተማሪዎች የሽኝት ፕሮግራም ሊኖር ነው፤ «ምክር ከአዛውንት» የሚል ሰዓት ይዘውልኛል።

«ለምን አንተ አትመክራቸውም?» አልኩት።

«እኔ አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ኮሌጅ የገባኸው አንተ ነህ።»

«እሱስ ገብቻለሁ» አልኩ።

እሱ ከሄደ በኋላ ረቂቅ ጀመርኩ። ልጆቼ ሆይ፣ የሰነዶቻችሁን ሁሉ ኮፒ አራት አራት አድርጋችሁ ያዙ። ልጆቼ ሆይ፣ ዶርም ስትደርሱ የታችኛውን አልጋ አትያዙ፤ መንገደኛው ሁሉ ይቀመጥበታል። የላይኛውንም አትያዙ፤ ትወድቃላችሁ።

ከዚህ በኋላ ቆሟል።

መስከረም 12፣ ሰኞ

ክብረት ቤት ደርሼ መጣሁ። የመታወቂያዬን ኮፒ ላወጣ። በዚያው የሩትን ምርጫ ለማየት። ለማየት ብቻ።

መስከረም 12፣ ከእራት በኋላ

ከላይ የጻፍኩት ትክክል ነው፤ ግን አልተሟላም።

የይለፍ ቃሉን ከመጨረሻው ገጽ በቃሌ ይዤ ነው የሄድኩት፤ የተራራችን ስምና የእናቷ የትውልድ ዓመት ስለሆነ አይረሳም። ክብረት ከፈተችልኝ። ሐረማያ አንደኛ ላይ ተቀምጧል። ሶዶ አራተኛ ላይ፣ እንደ እንጀራ ልጅ።

«እነዚህን ሁለቱን ቦታ አለዋውጪልኝ» አልኳት።

«ሩት ታውቃለች፣ አባባ ጦና?»

«እሷ አይደለች እንዴ የላከችኝ!»

ክብረት ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ አደረገች፤ አለቀ። እንዲህ ቀላል መሆኑ ነው ያስደነገጠኝ። ስርዝ ድልዝ የለው፣ መፈረሚያ ቦታ የለው። ሶዶ ከልጅነቱ ጀምሮ አንደኛ የነበረ ይመስል ተቀመጠ።

ያደረግኩት ለእሷ ብዬ ነው። መንገዱ ሩቅ ነው። የውጭ ምግብ ለሆዷ አይስማማም። እዚህም የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ይሰጣል። ባጃጅ ይዛ ጠዋት ሄዳ ማታ ትመለሳለች። የእንቁራሪቱን ገጽ አየሁት፤ ሆዱ ተከፍቶ ሁሉ ነገር በቀስት ተጠቁሟል። ገለበጥኩት።

መስከረም 13፣ ማክሰኞ

ሩት የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ እየበላች ደብተሩን ጠየቀችኝ፤ የይለፍ ቃሏን ረስታዋለች።

«መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ። በርበሬ ነው።»

«ታጥቤያለሁ።»

ይዛው ጓዳ ገባች። አሥራ ሁለት ፊደል ለማየት ብዙ ቆየች። መልሳ ስትሰጠኝ ዓይኗ ቀልቷል። ዳጣው እኔ የፈጨሁት ነው፤ እጄ ለበርበሬ አይሰስትም። ከዚያ ክብረት ጋ ደርሼ ልምጣ ብላ ወጣች።

መስከረም 15፣ ሐሙስ

ሩት ሰሞኑን ጥያቄ አብዝታለች።

«አባባ፣ ኮምፒውተር ትችላለህ እንዴ?»

«ከየት አባቴ!»

«ሬጅስትራር በነበርክ ጊዜ የሰው ፎርም ላይ ስርዝ ድልዝ ያደረገ ሰው ምን ይደረግ ነበር?»

«እንደ ሁኔታው ነው።»

«ሽማግሌ ከሆነስ?»

የባቄላው ወጥ ጨው በዝቶበታል አልኳት። አልበዛበትም ነበር።

መስከረም 17፣ ቅዳሜ

ነገ ዘመን መለወጫችን ጊፋታ ነው። ሳህሊቱ ከበዴሳ ቅቤና ልጆቿን ይዛ መጣች። ዘመን የሚቀየረው ቂም ተጥሎ ነው፤ ቅያሜ የያዘ ሰው የጊፋታን ሥጋ አይቆርስም። አባቶቻችን እንዲህ ነበር የሚያደርጉት፤ ጌታን ከተቀበልን በኋላም ይህን አልተውነውም። የሚጠይቀው የቤቱ ታላቅ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ።

«በመካከላችን የተቀየመ፣ የደበቀው ነገር ያለ ካለ ይናገር» አልኩ። ሌላ ጊዜ ረጋ ብዬ ነው የምለው። ዛሬ ፈጠን አልኩ።

ሳህሊቱ ባለፈው ዓመት ስልኬን አላነሳህም ብላ ተቀይማኝ እንደነበር ተናገረች። ታረቅን። ትንንሾቹ ስለ አንድ እርሳስ ተካሰሱ። ታረቁ። ሩት ተራዋ ደረሰ።

«እኔ የያዝኩት ነገር የለም» አለች። «አንተስ፣ አባባ?»

«እኔ ጠያቂ ነኝ።»

«ጠያቂም ይጠየቃል።»

ሁሉም አዩኝ። ዶሮዋ ሳትቀር።

«የለኝም» አልኩ።

ሩት እናቷን አየቻት፣ ሳህሊቱ የተጎዘጎዘውን ሣር አየች፤ እኔም «እንግዲህ እንጸልይ» አልኩ። ደህና ጸለይኩ።

መስከረም 18፣ እሑድ

ጊፋታ። ሥጋው ጥሩ ነበር ይላሉ። አልተስማማኝም።

መስከረም 20፣ ማክሰኞ

የመጨረሻው ቀን ነው። ወደ ነበረበት ልመልሰው ጠዋት ክብረት ቤት ሄድኩ። የይለፍ ቃሉን በቃሌ ስለያዝኩት ደብተሩን አልወሰድኩም።

አልከፍት አለ። የይለፍ ቃሉ ትክክል አይደለም ይላል። ሁለተኛ ሞከርን። ሦስተኛ ሞከርን። የተራራችን ስም አልተቀየረም፤ ሳህሊቱም በሌላ ዓመት አልተወለደችም። ክብረት በዚህ ሁሉ ጊዜ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

«ኔትወርክ ይሆን?» አልኳት።

«ሊሆን ይችላል፣ አባባ።»

«ወይስ መንግሥት ዘጋው?»

«እሱም ሊሆን ይችላል።»

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ከዚያ በእግሬ ተመለስኩ። ባጃጅ አልያዝኩም፤ የሚገባኝ አልመሰለኝም።

መስከረም 26፣ ሰኞ

ረቂቁ ላይ ጨመርኩ። ልጆቼ ሆይ፣ ሲኒየር ነኝ ያላችሁን ሁሉ አትመኑ፤ ሲኒየር ማለት ካፌው የት እንዳለ የሚያውቅ ፍሬሽማን ነው። ልጆቼ ሆይ፣ ቤት ስትደውሉ በ«ደህና ነኝ» አትጀምሩ፤ የምትዋሹ ትመስላላችሁ።

አይዟችሁ፣ ሂዱ፣ ወደ ኋላ አትዩ የሚል ነገር ልጽፍ ብዬ ብዕሩ እምቢ አለ። ሌላ ብዕር አመጣሁ። ብዕሩ አልነበረም።

ምደባው በጥቅምት ይወጣል አሉ። ሩት ደግሞ ትዘፍናለች። ሶዶ እንደሚደርሳት የማታውቅ ልጅ አዘፋፈን ነው።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ይህን እዚህ መጻፍ አለብኝ፤ ሌላ የምነግረው የለም።

ኮሌጅ ገብቻለሁ ያልኩት እውነት ነው። በአሥራ ስምንት ዓመቴ አዋሳ የመምህራን ማሰልጠኛ ተመደብኩ። አባቴ ወይፈን ሸጦ ጫማ ገዛልኝ። ሲሸኘኝ መንገዱ ዳር ቆሞ እጁን ብቻ እንዲህ ከፍ አድርጎ ያዘው። የጭነቱ መኪና እስኪታጠፍ ድረስ አላወረደውም።

ዘጠኝ ቀን ቆየሁ። ያቺ እጅ ዓይኔ ላይ ቀረች። በዘጠነኛው ቀን ሆዴን አመመኝ ብዬ ተመለስኩ። አባቴ አልተቆጣም። ደስ አለው። ያ ደስታው ነው ሕይወቴን ሁሉ ሶዶ ያስቀመጠኝ፤ ከዚያም የሌላውን ልጅ መልቀቂያ ሳትም ኖርኩ። ሰው ሲጠይቀኝ «ኮሌጅ እያለሁ» እላለሁ። ስንት ቀን ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም።

እኔ ግን ሩትን ለማስቀረት ከአባቴ በላይ አድርጌያለሁ። እሱ እጁን ነው ያነሳው። እኔ ኮምፒውተር ነካሁ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ነገርኳት።

ለመንገድም ሆነ ለሶዶ ዳጣ ያስፈልጋል ብዬ በርበሬ እየፈጨሁ ነበር። እሷ ዝንጅብል ትልጣለች። ሳላያት ተናገርኩ።

«ምርጫሽን ቀይሬዋለሁ። ሶዶን አንደኛ አድርጌዋለሁ።»

ዝንጅብሉን መላጧን አላቆመችም።

«ፈርመህበታል?»

«ኮምፒውተር መፈረሚያ የለውም።»

«ቀንስ ጽፈህበታል?»

«ሩት፣ ቀልድ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ቆየሁ እኮ ካወቅኩ።»

መፍጫው ከእጄ ሊያመልጥ ነበር። ከመቼ ጀምሮ፣ ከማን ሰማሽ፣ ክብረት ናት አይደል፣ አልኩ። «ጊፋታ ላይ ጠየቅኩህ፤ ሥጋውን በላህ» ብቻ አለች። ከዚያ የዝንጅብሉን ቢላ አስቀምጣ ሳቀች፤ ስትስቅ ደግሞ ዓይኗ ቀላ። በርበሬ አልነካችም፤ ዝንጅብል ነው የላጠችው።

«ታዲያ ምን ይሻላል? ቀኑ አልፏል» አልኳት።

«ምደባው ሲወጣ እናያለን» አለች። «ነጭ ሽንኩርቱን አቀብለኝ፣ ሬጅስትራር።»

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ምደባ ወጣ። ሐረማያ።

ደስታ ተገልጿል። እኔም ገልጫለሁ። ሰፈሩን ዞሬ ነገርኩ፤ ከሦስተኛው ቤት በኋላ የቀረውን ቦልቴ ጨረሰልኝ።

ኮምፒውተሩ እንዴት ሶዶን ትቶ ሐረማያን እንደያዘ አልገባኝም። ሩትን ጠየቅኳት። «ጸሎትህ ይሆናል» አለች። እኔ እንደዚያ ብዬ አልጸለይኩም።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

የሽኝቱ ፕሮግራም። አዳራሹ ሞልቷል፤ ተማሪዎቹ ከፊት ተደርድረዋል፤ ሳህሊቱም መጥታለች። ቦልቴ «ኮሌጅ ገብተው የነበሩ አባታችን ጦና» ብሎ አስተዋወቀኝ።

ረቂቁን አውጥቼ መነጽሬን አደረግኩ። የሰነዱን ኮፒ አነበብኩ፤ ጻፉት። የአልጋውን አነበብኩ፤ ሳቁ። ሲኒየሩን አነበብኩ፤ አንድ ሲኒየር ተነሥቶ ወጣ። ዳጣ ስትይዙ ክዳኑን አታጥብቁ፤ ይፈላና ይፈነዳል አልኩ፤ እናቶች አሜን አሉ።

ከዚያ ወረቀቱን አጠፍኩት።

«ልጆቼ፣ እኔ ኮሌጅ የቆየሁት ዘጠኝ ቀን ነው» አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ቀልድ መሰላቸው። ቦልቴማ እንባውን ጠረገ።

ሳቁ እስኪበርድ ጠብቄ የመጨረሻውን ነገርኳቸው። «የይለፍ ቃላችሁን ለሌባ እንደማትሰጡ አውቃለሁ። ለሚወዳችሁ ሰውም አትስጡ። ሌባ ዕቃ ነው የሚወስደው።»

እንደገና ሳቁ። ሩት አልሳቀችም። ተነሥታ ውሃ አመጣችልኝ፤ ብርጭቆውን እስክጨርስ አጠገቤ ቆመች። ብዙ ውሃ ነበር።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ሻንጣ። አንሶላ ሁለት። ኮፒ አራት አራት። ዳጣ አንድ ብርኒ። ደብተሩን ለአንድ ደቂቃ ልውሰድ አለች፤ ወሰደች፤ መለሰች። ዶሮዋን ማን እንደሚያበላ ተነጋገርን። ቦልቴ ከነገ ጀምሮ እራት እየመጣ ከእኔ ጋር እንዲበላ አዝዛዋለች። ጠየቀችው አላልኩም።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

መናኸሪያ፤ ጎሕ ሲቀድ። ሰው ብዙ። ሳህሊቱ አለቀሰች። ሩት በመስኮት አየችኝ።

እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ሁለቱንም። መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ አላወጣኋቸውም።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ደወለች። በ«ደህና ነኝ» አልጀመረችም።

«አባባ፣ ዳጣው ፈነዳ።»

«ክዳኑን አጥብቀሽ ይሆናል።»

«ያጠበቅከው አንተ ነህ። የታችኛው አልጋ ላይ ያለችው ልጅ አንሶላ በሙሉ ቀላ።»

«ተጣላችሁ?»

«የቀረውን አብረን በላነው። የጅግጅጋ ልጅ ናት። አባቷ ግመል አላቸው።»

ቦልቴ እራት ላይ ነበር። ምን አለች አለኝ። ዳጣው ጥሩ ነው አለች አልኩት።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ትናንት ስለ ስልኳ ስጽፍ ገጹ ሊያልቅ ስለነበር ምን ያህል እንደቀረኝ ለማየት ዛሬ ደብተሩን ከኋላ ከፈትኩት። ከመስከረም 12 ወዲህ የመጨረሻውን ገጽ አላየሁትም ነበር።

የድሮው የይለፍ ቃል በአንድ ንጹሕ መስመር ተሰርዟል። አጠገቡ ተፈርሟል። ቀን ተጽፏል፦ መስከረም 13።

ቁጭ አልኩ። ከዚያ ወደ መስከረም 12 ገጽ ተመለስኩ። «ያደረግኩት ለእሷ ብዬ ነው» ከሚለው ዳር ላይ የአውራ ጣት ምልክት አለ። ቀይ ነው። አሸተትኩት። የእኔ ዳጣ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሰነድ ያስቀመጠ ሰው ጥፋቱንና የይለፍ ቃሉን አንድ ደብተር ውስጥ አስቀመጠ። ቦልቴ ይህን እንዳይሰማ።

የጥቅምት 8ንም ገጽ አየሁት። እዚያ ላይ በርበሬ የለም። ወረቀቱ ግን አንድ ቦታ ላይ ረጥቦ የደረቀ ይመስላል፤ «ያቺ እጅ» የሚለው ቃል ትንሽ ፈስሷል። ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ ማየት ይገባኛል።

ከተሰረዘው በታች አዲስ የይለፍ ቃል አለ፤ መነጽር ሳላደርግ እንዳነበው በትልልቁ ተጽፏል። ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፤ ተምሬያለሁ። ግመል አለበት። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦

«አባባ፣ ይኼ የግቢው ፖርታል ነው። ውጤቴን በየሴሚስተሩ እዚህ ታያለህ። ምንም እንዳትነካ። ሩት፣ ኅዳር 4።» ፈርማለች።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ሁለት ቀን ሆነኝ። አልነካሁም።

ውጤት የሚወጣው በየካቲት ነው አለ ቦልቴ፤ ከየት እንዳመጣው አላውቅም። ቢሆንም ፖርታሉ የሚሠራ መሆኑን ቀደም ብሎ ማረጋገጥ የሬጅስትራር ወግ ነው። ነገ ጠዋት ክብረት ቤት እሄዳለሁ።

ለማየት ብቻ።